ደረጃው አልገባ ያለኝ የቤት ፕላን

የቤታችንን ፕላን ስስል አንድ ችግር እየተመላለሰ አስቸገረኝ። የምድር ወለሉ ያምራል። ፎቁ ላይ ስደርስ ግን ደረጃው የሚያልቀው መኝታ ቤቱ በር ላይ ነው።

መጀመሪያ ሳሎኑን አሳነስኩ። አልሆነም። ከዚያ ኮሪደሩን አጠበብኩ፤ አልጋ የማያሳልፍ ሆነ። ስኬችአፕ በሚባለው የኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም ላይ ክፍሎቹን ሦስት ቀን ሙሉ ባገላብጥም ያው ነው።

ችግሩ ክፍሎቹ ላይ አልነበረም። ደረጃውን ሳልለካ፣ ርዝመቱን በግምት 3 ሜትር ብዬ ነበር የሳልኩት።

ካልኩሌተር ይዤ ቁጭ አልኩ። ከወለል እስከ ጣሪያ 286፣ ሶሌታው (የፎቁ ወለል ኮንክሪት) ከነንጣፉ 20፣ ድምሩ 306 ሳንቲሜትር። ሶሌታውን እንዳትረሱት፤ ስሌቱን በሙሉ ያዛባል። 306 ለ17 እርምጃዎች ሲካፈል የአንዱ እርምጃ ከፍታ 18 ይሆናል። ለእግር መርገጫው 28 ያዝኩ። የመጨረሻው እርምጃ የሚያርፈው ፎቁ ወለል ላይ ስለሆነ መርገጫዎቹ 16 ናቸው። ስለዚህ ቀጥ ያለ ደረጃ 448 ሳንቲሜትር ይፈልጋል። እኔ ከሰጠሁት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይበልጣል!

የሠራልኝ ደረጃውን መሀል ላይ በማረፊያ ማጠፍ ነው። ማረፊያው 100 ሳንቲሜትር፣ ረጅሙ ግማሽ ደግሞ 8 መርገጫ (224) ሆኖ ጠቅላላ ርዝመቱ ወደ 324 ወረደ፤ ሁለቱ ግማሾች ጎን ለጎን ስለሆኑ ወርዱ 210 ሆነ። በዚህ ልክ ወረቀት ቆረጥኩና ከሁሉም በፊት እሱን አስቀመጥኩ፤ በሁለቱም ወለል ላይ ልክ አንዱ ከአንዱ በላይ። ክፍሎቹን በዙሪያው ስደረድር ፕላኑ በአንድ ምሽት አለቀ።

ደረጃው ላይ ለቆመ ሰው ከራሱ በላይ እንዳይነካው፣ ከእያንዳንዱ መርገጫ እስከ ላይ ቢያንስ 2 ሜትር ክፍት መሆኑንም አረጋግጡ።