ላፕቶፓችሁን በስልክ ዳታ ለምትጠቀሙ
በስልክ ሆትስፖት የምትሠሩ ከሆነ ይህችን ነገር ዛሬውኑ አስተካክሉ። ዊንዶውስ ሆትስፖቱን እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ስለሚያየው ከጀርባ አፕዴት ማውረድ ይጀምራል። ጥቅሉ እዚያው እልም ይላል።

ሴቲንግ ክፈቱ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ቀጥሎ ዋይፋይ። የሆትስፖታችሁን ፕሮፐርቲስ ነክታችሁ «ሚተርድ ኮኔክሽን» (ዳታው የተገደበ ግንኙነት ማለት ነው) የሚለውን አብሩት። በቃ። ዊንዶውስ 10 ላይም 11 ላይም አለ። ከዚያ በኋላ አብዛኛው አፕዴት በራሱ አይወርድም፤ ፋይላችሁን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው ዋንድራይቭም ፋይል መጫኑን ያቆማል። ማስተካከያው ለዚያ ኔትወርክ ብቻ ነው፤ የጓደኛችሁን ሆትስፖት ስትጠቀሙ እንደገና ማብራት አለባችሁ።

አፕዴቱን ግን አደራ፣ እርግፍ አድርጋችሁ አትተዉት። የደህንነት ጥገናው የሚመጣው በእሱ ነው። ያልተገደበ ዋይፋይ ስታገኙ ቻርጀር ሰክታችሁ አውርዱት።