ካምፔቼን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካምፔቼ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የምትገኝ፣ ስፔናውያን እ.ኤ.አ. በ1540 የቆረቆሯት ከተማ ናት። ዩኔስኮ በ1999 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ብዙ ሰው ከሜሪዳ ከተማ ወደ ፓሌንኬ ፍርስራሾች ሲያልፍ ለግማሽ ቀን ጎራ ይልባታል፤ ከታች ያሉት አብዛኞቹ ስህተቶችም የሚመጡት ከዚሁ ጥድፊያ ነው። ሁለት ሌሊት ቢያድሩ ይሻላል።

ግንቡን ሙሉ ለሙሉ እዞራለሁ ብሎ መነሳት። ሎሬንሲዮ የተባለው የባሕር ወንበዴ በ1685 ከተማዋን ከዘረፈ በኋላ፣ ከ1686 እስከ 1704 የተሠራው ግንብ ዙሪያው 2,560 ሜትር ያህል ነበር። ዛሬ አብዛኛው የለም። የባሕሩ በር ፑዌርታ ዴ ማር ራሱ በ1893 ፈርሶ በኋላ እንደገና የተሠራ ነው። በሩ ፊት ለፊት ባሕር ካላዩ አይደናገሩ፤ ዳርቻው በአፈር ተሞልቶ ውኃው ርቋል። ላዩ ላይ የሚሄዱበት ግንብ ያለው በተቃራኒው ወገን፣ በ1732 በተሠራው በፑዌርታ ዴ ቲዬራ በኩል ነው። ትኬት ቆርጠው ይወጡና ወደ ሳን ሁዋን ምሽግ ያቀናሉ። ሁለቱን በሮች 59ኛው መንገድ ቀጥ ብሎ ያገናኛቸዋል።

የመንገድ ቁጥር ብቻ ይዞ መውጣት። በአሮጌው ከተማ ከባሕሩ ጎን ለጎን የሚሄዱት መንገዶች ሙሉ ቁጥር (8፣ 10፣ 12…)፣ የሚያቋርጧቸው ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር አላቸው። ስለዚህ «59ኛው መንገድ፣ በ10 እና በ12 መካከል» የሚል አድራሻ ይጠይቁ።

ሰኞ መድረስ። ሙዚየሞቹ ሰኞ ዝግ ናቸው። በተለይ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለው የሳን ሚጌል ምሽግ ሙዚየም ሊያመልጥዎ አይገባም፤ ካላክሙል ከተባለችው የጥንት የማያ ሕዝብ ከተማ መቃብሮች የወጡት የጄድ (አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ) ጭምብሎች ያሉት እዚያ ነው። በታክሲ ሲሄዱ ዋጋውን ሳይሳፈሩ ይስማሙ።

በቀትር መዞር። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ጨካኝ ነው። ከረፋዱ 5 እስከ ከቀኑ 10 ሰዓት ጥላ ይፈልጉ፤ ማታ ደግሞ የባሕር ዳር መናፈሻው ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ይመልከቱ። ለመዋኘት ግን ከተማው አይመችም፤ ወደ ሴይባፕላያ ይሂዱ።

ሰዓት አለማስተካከል። ካንኩን ከካምፔቼ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። ከካምፔቼ ወደ ካንኩን የሚሄድ ሰው ይህን ከረሳ አውሮፕላን ያመልጠዋል።

ባቄላውን ሳይጠይቁ መብላት። ጥቁሩ ባቄላ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በአሳማ ስብ ነው። ለጾመኛም ለሙስሊምም «ሲን ማንቴካ» (ያለ ስብ) ማለት ይጠቅማል፤ ግን ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ፣ ቀድሞ የተቀቀለውን ማንም አያስተካክልልዎትም። የከተማዋ ዝነኛ ምግብ ፓን ዴ ካሶን፣ ማለትም ቶርቲያና የትንሽ ሻርክ ሥጋ የሚደራረብበት፣ ይኸው ባቄላ አለበት። ሃባኔሮ ቃሪያን ደግሞ ሚጥሚጣ ለምጃለሁ ብለው አይናቁት።

ቪዛን ቸል ማለት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሜክሲኮ ቪዛ ይጠይቃል። ጸንቶ ያለ የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእንግሊዝ ወይም የሸንገን ቪዛ፣ ወይም የእነዚህ አገሮች ቋሚ መኖሪያ ያለው ግን ያለ ሜክሲኮ ቪዛ ይገባል። ግሪን ካርድ ያለ ፓስፖርት አያሻግርም፤ የፓስፖርቱ ቀን ያለፈ እንደሆነ አስቀድመው ያሳድሱ።

ካላክሙልን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ። ከካምፔቼ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ የመጨረሻው 60 ኪሎ ሜትር ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በጫካ ውስጥ የሚገባ ጠባብ መንገድ ነው፣ ነዳጅም የለም። በአቅራቢያው ባለችው በሽፑሂል ከተማ አድረው በማለዳ ይነሱ። ጊዜ ከሌለዎት ሌላውን የማያ ፍርስራሽ ኤድስናን ይምረጡ፤ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይርቃል፣ ባለ አምስት ደረጃ ሕንፃውም ለአንድ ጠዋት ይበቃል።