ድንገት ፈረቃህ ሲቀየር

እራት ቀርቦ "ነገ ሌሊት ነህ" የሚል ቴሌግራም ሲገባ ያናድዳል፣ አውቀዋለሁ። ቶሎ አትመልስ። ለምን እንደተቀየረ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነና ሰርቪስ መኖሩን ጠይቅ። በስልክ ከነገሩህ ደግሞ "እሺ፣ ነገ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 እገባለሁ" ብለህ በጽሑፍ ላክላቸው፤ በኋላ ማስረጃህ እሷ ናት።

ሕጉንም እወቀው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት ደግሞ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ማለፍ የለበትም፤ እሱም ቢሆን እንደ አደጋ ወይም አስቸኳይ ሥራ ያለ ምክንያት ሲኖር ነው። ለትርፍ ሰዓቱ የመደበኛ ሰዓት ክፍያህ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋት በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል።

እኔ ኪሴ ውስጥ ትንሽ ደብተር አለችኝ። የገባሁበት፣ የወጣሁበት፣ ማን እንዳዘዘኝ ሁሉ እሷ ላይ ነው። አንድ ወር 9 ሰዓት ጎደለብኝ፣ ደብተሬን ይዤ ፋይናንስ ሄድኩና ከፊርማው ጋር አንድ በአንድ አመሳከርነው፤ በቀጣዩ ደመወዝ ገባልኝ። አንተም ዛሬ ነገ አትበል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፎበት፣ ይቀራል።