ወደ ኮምቦልቻ በባጃጅ ለምትወርዱ

ጀመዓው፣ ባጃጆቻችንን ይዘን ተሰባስበን ከደሴ ስንወርድ አንድ ነገር አደራ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ሞተር አጥፍታችሁ ወይ ማርሽ ነፃ አድርጋችሁ እንዳትለቁት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ነው ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ብቻ ረግጦ መውረድ የፍሬኑን ሸራ ያግለዋል፣ የፍሬን ዘይቱም እርጥበት የሳበ አሮጌ ከሆነ ይፈላና ፔዳሉ ስፖንጅ የረገጣችሁ ይመስል ዝም ብሎ ይሰምጣል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር 2ኛ ማርሽ አስገቡና ሞተሩ ራሱ ይያዘው፣ ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ እያደረጋችሁ። የተቃጠለ ሸራ ከሸተታችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ በራሱ ይቀዝቅዝ፣ ውሃ እንዳትደፉበት ድራሙ (ሸራው የሚይዘው ክብ ብረት) ሊሰነጠቅ ይችላል። ደግሞ ሰው ጭኖ የፊተኛውን ባጃጅ ቂጥ ቂጡን መከተል ምን ያደርጋል ወላሂ፣ ራቅ ራቅ በሉ።