መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ቤቱን አሽትቱ፦ የዶሮ ችግርና መፍትሄ ለጎጃም አርቢ

ማታ ስልኬ ሲጠራ ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ዶሮዎቼ ታመሙብኝ፤ ምን ልስጣቸው?» እኔም መልሼ «ምን በልተው የት አደሩ?» እላለሁ። ቅር የሚላቸው አሉ። ከእንስሳት መድኃኒት መደብር ቢጫውን ዱቄት (የባክቴሪያ መድኃኒት) ገዝቶ ውኃ ውስጥ መበጥበጥ ይቀላልና። እኔ ግን ደብረ ማርቆስ ላይ ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ ወዲህ ካጋጠመኝ ችግር የሚበዛው የመጣው ከመኖ ገንዳውና ከቤቱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የጻፍኩት በምልክቱ ይጀምራል፤ ምክንያቱን ይከተላል፤ መድኃኒት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ካስፈለገ።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ አድርጉ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ባትሪ ይዛችሁ ወደ ዶሮ ቤቱ ግቡና መብራቱን አጥፍታችሁ ተንበርከኩ። አፍንጫችሁ ዶሮዋ ከምትተነፍስበት ከፍታ ይድረስ። አሽትቱ፣ አዳምጡ። ቀን በጫጫታ የሚደበቀው ሳልና ማንኮራፋት ሌሊት ይሰማል።

በሩን ስከፍት ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ ዶሮዎቹም ያስነጥሳሉ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለ ከተማ ነው፤ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው የሌሊት ብርድ ቀልድ አያውቅም። ሰው ይህን ፈርቶ የማዳበሪያ ከረጢት ይሰበስብና መስኮቱንም ቀዳዳውንም ይደፍናል። ዶሮዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳሉ፣ ኩስ ይጥላሉ። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ከቆርቆሮው ሥር ይቋጥራል፤ ሊነጋ ሲል ተመልሶ ጉዝጓዙ ላይ ይንጠባጠባል። «ጣሪያዬ አያፈስም፣ ጉዝጓዙ ግን ይርሳል» የሚል አርቢ ካጋጠማችሁ ነገሩ ይኸው ነው። እርጥብ ጉዝጓዝና ኩስ ሲገናኙ አሞኒያ የሚባለው ጋዝ ይወጣል። የእኛን ዓይን የሚያቃጥለው እሱ የእነሱን የመተንፈሻ ቧንቧ ያቆስላል፤ የቆሰለ ቧንቧ ደግሞ ለሌላው በሽታ ሁሉ በር ነው።

ዶሮ ብርድ ትችላለች፤ ላባዋ ጋቢዋ ነው። የማትችለው እርጥበትንና በቀጥታ የሚመታትን ነፋስ ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ከታች እስከ ቆጡ ከፍታ ድረስ ደህና አድርጋችሁ ምረጉ፤ ከዚያ በላይ እስከ ጣሪያው ያለውን ክፍት ትታችሁ ሽቦ ወንፊት ምቱበት። ሞቃቱና እርጥቡ አየር ሽቅብ ስለሚሄድ በዚያ ይወጣል። ጉዝጓዙ፣ ሰጋቱራም ሆነ የተከተፈ ጭድ፣ 10 ሳንቲሜትር ያህል ይጥለቅ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይገላበጥ። መልካምነቱን ለማወቅ በእጃችሁ ጨብጣችሁ ልቀቁት፤ ከተበተነ ደህና ነው፣ እንደ ጭብጦ ከተያያዘ ረጥቧል። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የውኃ መጠጫው ነው። ጡብ ላይ አስቀምጡትና አፉን ከዶሮዋ ጀርባ ጋር እኩል አድርጉት፤ መድፋቱም መጫሩም ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሽታው ካልቀነሰ ዶሮዎቹን ቁጠሩ። በአንድ ካሬ ሜትር አምስት እንቁላል ጣይ ዶሮ ይበቃል። እኔ በአራት ሜትር በሦስት ሜትር ክፍል 90 አስገብቼ አንድ ክረምት ሙሉ መድኃኒት ስገዛ ከርሜያለሁ። የተሻላቸው 30ዎቹን በሸጥኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው።

ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ጥለው ደም የተቀላቀለበት ኩስ ይጥላሉ

ዕድሜያቸው ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮክሲዲዮሲስ ነው። አምጪው አንጀት የሚያደማ ረቂቅ ተባይ ነው፤ በኩስ ይወጣል፣ ጉዝጓዝ ላይ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ወደ ሌላ ዶሮ ለመተላለፍ ይደርሳል። ደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ግን አቅም ያጣል። በዚህ በሽታ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ አምፕሮሊየም በውኃ ተበጥብጦ ይሰጣል፤ መጠኑን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይንገራችሁ። ሆኖም መድኃኒቱን እየሰጣችሁ ጉዝጓዙን ካልቀየራችሁ በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

ደም ሳይኖር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ከሞቱ ነገሩ ብዙ ጊዜ ሙቀት ነው። አተኛኘታቸውን እዩ። ተደራርበው ከተከመሩ በርዷቸዋል፣ ከታች ያሉት ታፍነው ይሞታሉ። ከሙቀቱ ሸሽተው ግድግዳ ከተጠጉ ሞቋቸዋል። ተበታትነው ከተኙ ደልቷቸዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ በየሳምንቱ በሦስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ቀበሌ ከኤሌክትሪኩ ይልቅ ዙሪያው በጭድ የታጨቀው ሣጥን ይሻላል፤ ጫጩቶቹ በራሳቸው ገላ ሙቀት ያድራሉ። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ መተው ግን ጫጩቱንም ባለቤቱንም የሚገድል ነው።

የእንቁላሉ ቅርፊት ሳስቶ በእጅ ይሰበራል

አንድ እንቁላል ቅርፊት ውስጥ ሁለት ግራም ያህል ካልሲየም አለ። ዶሮዋ ከምትበላው የምታስቀረው ግማሹን ያህል ስለሆነ በቀን አራት ግራም ገደማ ያስፈልጋታል። በቆሎና ፍሩሽካ ይህን ከቶ አይሰጧትም። ስለዚህ ከአጥንቷ ትበደራለች። መጀመሪያ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ቀጥሎ ያለ ቅርፊት በስሱ ሽፋን ብቻ ትጥላለች፣ በመጨረሻ እግሯ አልቆም ይላል። ያን ጊዜ ባለቤቷ «ሽባ ሆነች፣ ፈንግል ነው» ብሎ ያርዳታል።

መፍትሄው ርካሽ ነው። የኖራ ድንጋይ ተሰባብሮ፣ ከፊሉ የአሸዋ ፍሬ ያህል ሆኖ ለብቻው በዕቃ ይቀመጥላቸው። ሻካራው በሆድ ውስጥ ቀስ እያለ ይሟሟል፤ ዱቄቱ ቶሎ ያልፋል። ቅርፊቱ በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ ጊዜው አመሻሽ ላይ ቢሆን ይመረጣል። የቤት እንቁላል ቅርፊትም ይሆናል፣ ግን ምጣድ ላይ አድርቃችሁ አድቅቁት፤ መልኩን ካወቀችው እንቁላል መብላት ትለምዳለች።

እዚህ ላይ ለጎጃም ሰው የማነሣው ነገር አለ። ለአሲዳማ መሬታችን የምንበትነው ኖራ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ግድግዳ የምንቀባው ኖራ ግን ተቃጥሎ የተሠራ ስለሆነ አፍና ጉሮሮ ይልጣል። ሁለቱም «ኖራ» በመባላቸው የተሳሳተ ሰው አውቃለሁ። ለመኖ ተብሎ የተዘጋጀውን ግዙ። ለጫጩትና ለቄብ ደግሞ ይህን ሁሉ ካልሲየም አትስጡ፤ ኩላሊታቸውን ይጎዳል።

መኖ ይበላሉ፤ እንቁላል ግን ቀንሷል

በመጀመሪያ ምን ዓይነት ዶሮ እንደያዛችሁ አስታውሱ። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ጥላ ትታቀፋለች፤ ይህ ተፈጥሮዋ ነው፣ በሽታ አይደለም። ቦቫንስ ብራውን የምትባለው ለእንቁላል የተዳቀለች ዶሮ ከሆነች ግን በደህና አያያዝ በዓመት ከ300 በላይ ስለምትጥል መቀነሷ ምክንያት ይፈለግለታል።

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባላል። ሕልሟን ብቻ ብትከተሉ በቆሎ ጠግባ፣ ሰብታ፣ እንቁላል ሳትጥል ትውላለች። በቆሎ ኃይል ይሰጣል እንጂ የፕሮቲን ይዘቱ ከመቶ ዘጠኝ እንኳ አይሞላም፤ እንቁላል ጣይ ዶሮ ከመቶ 16 ያህል ትፈልጋለች። እኔ በ100 ኪሎ የምቀምመው ይህን ነው፦ በቆሎ 50፣ የኑግ ፋጉሎ 19፣ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር 12፣ የኖራ ድንጋይ 9፣ ፍሩሽካ 8፣ የአጥንት ዱቄት 1፣ ጨው ግማሽ ኪሎ፣ የቫይታሚን ድብልቅ ግማሽ ኪሎ። አንዲት ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ይበቃታል። አኩሪ አተሩ የግድ ይቆላ፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት። ግብጦ በእጃችን ስላለ «ለምን አልሰጥም?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ለራሳችሁ ስትበሉት ምን ታደርጋላችሁ? ቆልታችሁ ወንዝ ውስጥ ለቀናት ትዘፈዝፉታላችሁ። መራራው ለዶሮም መራራ ነው። አተላ በትኩሱ፣ በጥቂቱ፣ ከሌላ መኖ ጋር ይሆናል፤ ገንዳ ውስጥ ያደረውን ጣሉት።

መኖው ደህና ሆኖ ከቀነሰ ውኃውን እዩ። ዶሮ ከምትበላው እጥፍ ያህል ትጠጣለች፤ ግማሽ ቀን ከተጠማች በሚቀጥሉት ቀናት ታሳያችኋለች። ከዚያ ብርሃኑን። እንቁላል ጣይ ዶሮ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች፤ የእኛ ሰማይ በታኅሣሥ ከ12 ሰዓት በታች ነው የሚሰጣት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ አንድ የፀሐይ ኃይል አምፖል ማብራት ይበቃል። ላባቸው እየረገፈ ከሆነ ደግሞ ላባ እየለወጡ ነው፤ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፣ ታገሡ።

በዐቢይ ጾም የእንቁላል ገዢ ሲጠፋ መኖ የሚቀንሱ አሉ። ስሌቱ ይገባኛል፤ ገቢ ሳይኖር ወጪ ማን ይወዳል? ግን የተቀነሰባት ዶሮ ማቆም እንጂ ወዲያው መመለስ አታውቅም። ሆሳዕና ላይ መኖ ቢጨመርላት ለፋሲካ ገበያ አትደርስም። መቀነስ የግድ ከሆነ ያረጁትን ከጾሙ በፊት ሸጣችሁ የቀሩትን በደንብ መግቡ።

አንድ ምክንያት ግን ከሁሉም ይከፋል፤ ሻጋታ ነው። ሳይደርቅ የተከተተ በቆሎና ያረጀ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያፈራሉ። ዶሮዋ ወዲያው አትሞትም፤ ትከሳለች፣ እንቁላል ትቀንሳለች፣ ስትታረድ ጉበቷ ገርጥቶ ይገኛል። መቁላት መርዙን አያጠፋውም፣ ማጠብም አያጠፋውም። «ዶሮ ካልበላችው ላሟ ትብላው» ማለትም አይሠራም፤ በወተቷ ወደ ልጆቻችሁ ይመጣል። በቆሎ ስትገዙ ጥቂቱን ከደረቅ ጨው ጋር በደረቅ ጠርሙስ ጨምራችሁ ነቅንቁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በቆሎው ገና እርጥብ ነው፤ ለነጋዴው መልሱለት።

አስኳሉ ነጣ

የጎጃም በቆሎ በብዛት ነጭ ነው፤ ቢኤች-660 የሚባለው ምርጥ ዘርም ነጭ ነው። ቢጫውን ቀለም የሚሰጠው ነገር የለበትም። ጎመን፣ አልፋልፋ፣ ያገኛችሁትን የሚበላ ቅጠል ከትፋችሁ ስጡ። የቀለም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቅጠል ፈጽሞ የማያገኙ ዶሮዎች ቫይታሚን ኤ ሲያጥራቸው ዓይናቸው ያብጣል፣ አይብ የመሰለ ነገርም ይቋጥራል። የዓይን ቅባት ከመግዛት ጎመን ይቀድማል።

እርስ በርስ ይነቃቆራሉ፤ ደም ያዩባትን ጨርሰው ይገድላሉ

ምክንያቶቹ መጣበብ፣ የፕሮቲን ወይም የጨው ማነስ፣ የበረታ ብርሃንና ሥራ መፍታት ናቸው። አዎ፣ ሥራ መፍታት፤ ዶሮ ቀኑን ሙሉ ስትጭር እንድትውል የተፈጠረች ናት። የቆሰለችውን ለዩ፤ ጎመን በገመድ አስራችሁ በራሳቸው ከፍታ ላይ አንጠልጥሉ፤ ጥቂት ጥሬ ጉዝጓዙ ላይ በትኑና ይፈልጉት። እንቁላል መጣያ ሣጥን ለአምስት ዶሮ አንድ ይሁን፣ ጨለም ያለ ጥግ ላይ። በብርሃን የምትጥል ዶሮ ኋላዋ ሲቀላ ሌሎቹ ያዩታል፤ መነቃቆሩ ከዚያ ይጀምራል።

ማታ ቆጥ ላይ አልወጣም አሉ

ቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ሌሊት እየወጣች ደም የምትመጥ ደቃቅ ተባይ አለች። ነጭ ጨርቅ ቆጡ ላይ ጥላችሁ እደሩ፤ ጠዋት ቀይ ነጥብ ካያችሁበት እሷ ናት። ቆጡን አውጥታችሁ በፈላ ውኃ ለብልቡት፣ ስንጥቁን ድፈኑ። አመድና ደረቅ አፈር የተቀላቀለበት ሣጥንም አስቀምጡላቸው፤ መታጠቢያቸው ነው። ቆጡ የባሕር ዛፍ አጣና ከሆነ ልጡን ላጡት፤ ከልጡ ሥር ትደበቃለች።

አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ

ሙቀት በዝቶባቸዋል፤ ይህ ምክር ወደ ዓባይ በረሃ ወረድ ላሉ ቀበሌዎች ነው። ቆርቆሮውን በሣር ክደኑ፣ የቤቱን ረጅም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አድርጉ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሙ፣ መኖውን በማለዳና በምሽት ስጡ።

አረንጓዴ ያስቀምጣቸዋል፤ አንገታቸው ተጠማዘዘ፤ በአንድ ሌሊት ብዙ ሞቱ

ይህ የመኖም የቤትም አይደለም። ፈንግል ነው፤ ቫይረስ ስለሆነ ያ ቢጫ ዱቄት አይነካውም። ከገበያ የገዛችሁትን ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው ሳታቆዩ ከቀላቀላችሁ፣ በተለይ በበዓል ሰሞን፣ እንግዳውን ራሳችሁ ጋብዛችሁታል።

ዋናው መከላከያ ክትባት ነው። ለጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ኤችቢዋን የሚባለው በዓይን ጠብታ፣ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሲሆናቸው ላሶታ በውኃ ይሰጣል፤ ከዚያ የሚደገምበትን ጊዜ ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። «አስከትቤ ሞቱብኝ» የሚል ሰው ካለ አሰጣጡን ልጠይቀው። ክትባቱ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ከበረዶ ሳጥን ወጥቶ ኪስ ውስጥ ከዋለ፣ ወይም ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውኃ ከተበጠበጠ ሞቶ ነው የሚጠጡት። የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውኃ ተጠቀሙ፤ በአንድ ሊትር ሁለት ግራም ተኩል ስቡ የወጣለት የዱቄት ወተት ጨምሩበት። ዶሮዎቹን አስቀድማችሁ አንድ ሁለት ሰዓት አስጠሙ፣ ከዚያ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱት። በጠዋት ይሁን፣ ፀሐይ ሳይበረታ።

የሞቱትን በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩ እንጂ ወንዝ አትጣሉ፤ የታመሙትንም ወደ ገበያ አታውጡ። ቤቱን ካጸዳችሁ በኋላ አዲስ ጫጩት ከማስገባታችሁ በፊት ለጎረቤታችሁ ንገሩት፤ የእሱ ዶሮዎችም በእናንተ አጥር ሥር ነው የሚጭሩት።