ከራሳችሁ ሰርቨር ውጭ እንዳትቀሩ

የሊኑክስ ሰርቨር ማዘጋጀት የጀመራችሁ፣ ፋየርዎሉን ከማብራታችሁ በፊት ለኤስኤስኤች (SSH፣ ከርቀት ወደ ሰርቨሩ የምትገቡበት መንገድ) ፖርት 22ን ፍቀዱ። ዩኤፍደብሊው (UFW) የተባለው ፋየርዎል አንዴ ከበራ፣ ካልተፈቀደለት በስተቀር ከውጭ የሚመጣን አዲስ ግንኙነት አያስገባም። በሰርቨሩ ላይ ያለ ዌብሳይት ደግሞ ፖርት 80 እና 443 ያስፈልጉታል።

የኤስኤስኤች ሴቲንግ ስትቀይሩ ደግሞ የገባችሁበትን ተርሚናል በፍጹም አትዝጉት! አገልግሎቱን ሪስታርት አድርጉና በሌላ መስኮት እንደ አዲስ ለመግባት ሞክሩ። ሪስታርት ማድረጉ የተከፈተውን ግንኙነት አያቋርጠውም። አዲሱ እምቢ ካለ በአሮጌው መስኮት ታስተካክላላችሁ። በተለይ በፓስወርድ መግባትን ስታጠፉ ይህን እንዳትዘሉት። በፓስወርድ ፋንታ የምትገቡበት የኤስኤስኤች ቁልፋችሁ መሥራቱን ሳታዩ ካጠፋችሁት ውጭ ቀራችሁ ማለት ነው። እኔ ቸኩዬ አድርጌው የተረፍኩት ሰርቨሩን የሚያከራየው ድርጅት ባዘጋጀው ኮንሶል (ያለ ኤስኤስኤች ወደ ሰርቨሩ በሚያስገባ ገጽ) ነው። የእናንተም የት እንዳለ ዛሬውኑ ፈልጉት።