ቤት ሲያሠሩ ፀሐይንና ነፋስን የሚያስረሱ ስህተቶች

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀኑ ሞቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። አቀማመጡ የታሰበበት ቤት እዚህ ከተማ ውስጥ ኤሲም ሂተርም አያስፈልገውም። ታዲያ አንዱ ቢሮ ከሰዓት በኋላ የሚያፍነው፣ ሌላው ምድር ቤት በቀትር መብራት የሚያስበራው ለምንድን ነው? አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው ግንበኛው ሳይመጣ፣ ገና ፕላኑ ላይ ነው።

መስታወቱን ወደ ምዕራብ ማዞር

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ስለሆነች ትንሽ ወጣ ያለ ጣሪያ ይመልሳታል። የ10 ሰዓቷ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባለች፤ በረንዳም አያስቆማትም። የጠዋቷም ዝቅ ያለች ናት፣ ግን ሌሊት የቀዘቀዘ ክፍል ስለምታሞቅ ማንም አይጠላትም።

ብዙ ባለሀብት ግን አስፋልቱ የት እንዳለ እንጂ ፀሐይ የት እንደምትጠልቅ አይጠይቅም። ፊቱን በሙሉ መስታወት ያለብሰዋል። ከዚያ ሠራተኞቹ መጋረጃ ዘግተው መብራት ያበራሉ። ለብርሃን ተብሎ በወጣው ገንዘብ ጨለማ ተገዛ ማለት ነው! መጋረጃውም ቢሆን ብዙ አይረዳም፤ ሙቀቱ አስቀድሞ መስታወቱን አልፎ ገብቷል። መከለያው ከውጭ፣ ያውም ቀጥ ብሎ የቆመ መሆን አለበት። ቦታው ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ደረጃውን፣ መታጠቢያውንና ዕቃ ቤቱን ወደዚያ መስጠት ነው።

መኝታ ቤቱን ለሰሜን መስጠት

ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ግን የዚህ ጊዜ ግማሹ ክረምት ነው፣ ደመና ነው። ብርዱ የሚጠነክርባቸው ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይዋ በደቡብ ትሆናለች። ስለዚህ ሳሎንና መኝታ ቤት ወደ ደቡብ ቢያዩ ቀን የገባው ሙቀት ለማታ ይተርፋል።

ብሎክ ከብሎክ ማጠጋጋት

ታኅሣሥ ላይ 15 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ በቀትር እንኳ ወደ ሰሜን 9 ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ይጥላል። ጠዋትና ማታማ ይብሳል። ከኋላው በ5 ሜትር ርቀት ሌላ ብሎክ ካለ ምድር ላይ ያሉት ቤቶች በዚያ ወቅት ፀሐይ አያዩም። ግድግዳቸው ይረጥባል፣ ልብስ አይደርቅም፣ መብራት ቀኑን ሙሉ ይበራል። በግል ይዞታም ያው ነው። ሰርቪሱን ከዋናው ቤት አጣብቆ መሐሉን በፕላስቲክ ቆርቆሮ መክደን ቦታ የቆጠበ ይመስላል፤ የኋላ ክፍሎቹ ግን አየር አጡ። ዛሬ ባዶ የሆነው የጎረቤት ቦታም ነገ ጂ ፕላስ 4 ሊቆምበት ይችላል። ሁሉንም መስኮት በዚያ በኩል አያድርጉ።

መስኮት በአንድ ወገን ብቻ

ነፋስ መውጫ ካላገኘ አይገባም። መስኮቱ ትንሽም ቢሆን በሁለት ወገን ይሁን።

ባዶ ቆርቆሮ

ላይኛው ፎቅ ቀን የሚያነደውና ሌሊት የሚያንዘፈዝፈው በዚህ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ሙቀትም ብርድም የማያሳልፍ ነገር ይነጠፍ፣ የጣሪያው ሥርም አየር ያግኝ።

የአዲስ አበባን ፕላን ድሬዳዋ መውሰድ

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሰመራ ደግሞ ከዚያም በብዙ ዝቅ ትላለች። እዚያ ጠላቱ ሙቀት ስለሆነ ነገሩ ይገለበጣል። አዲስ አበባ ላይ የነቀፍነው መጠጋጋት እዚያ ጥላ ይሰጣል። የሐረር ጀጎልን ጠባብ መንገዶች ያየ ይሄ ይገባዋል፤ ግንቡ ለግንብ ያጠላል። ለደጋ ፀሐይ የተከፈተ ሰፊ መስኮት ቆላ ላይ ኤሲ ይጠይቃል፣ ቆጣሪውም ይሮጣል። እዚያ መስኮቱ ይነስ፣ በረንዳው ይስፋ፣ ግቢውም ሁሉ በሲሚንቶ ከሚለበጥ ዛፍ ይተከልበት።